የመሥዋዕት ፈተና፦ የቼዝ ፕሮግራሞች በምን ተመዘኑ?

ገበሬ በሰኔ ወር ከጎተራው እህል ቀንሶ በእርሻው ላይ ይበትናል። የጎተራውን ልክ ብቻ የሚቆጥር ሰው በዚያች ዕለት ቢመጣ የሚያየው ነገር ጉዳት ነው፤ እህሉ ጎድሏል፣ በምትኩም የተገኘ ነገር የለም። የዘሩ ትርጉም የሚገለጠው እስከ ኅዳር ለሚጠብቅ ሰው ነው። በቼዝ ጨዋታ «መሥዋዕት» የሚባለው ስልትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተጫዋቹ ዋጋ ያለውን ጠጠር እያወቀ ለባላጋራው ይሰጣል፤ የሰጠበት ምክንያት ግን የሚታየው ከብዙ እርምጃዎች በኋላ ነው።

ኮምፒዩተር ቼዝ እንዲጫወት ለማድረግ በተደከመባቸው ከ70 በሚበልጡ ዓመታት ውስጥ፣ የፕሮግራሞች ችሎታ ከተመዘነባቸው መለኪያዎች ሁሉ ይህ የመሥዋዕት ጥያቄ ግንባር ቀደሙን ስፍራ ይይዛል። መቁጠር የኮምፒዩተር ትልቁ ኀይል ነው፤ መሥዋዕት ደግሞ ቆጠራን የሚያሳስት ነገር ነው። ስለዚህም የአንድን ፕሮግራም ድካም ለማግኘት የፈለጉ ሊቃውንት በሰሌዳው ላይ አስቸጋሪ መሥዋዕት የሚጠይቅ አሰላለፍ ደርድረው «እስቲ ይህን ፍታ» ይሉት ነበር።

የዚህ ፈተና ታሪክ የሚነካው ቼዝ ወዳዶችን ብቻ አይደለም። መሣሪያን፣ ሕንፃን፣ መድኃኒትን ወይም የሒሳብ መዝገብን መመርመር ሙያው የሆነ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ በውስጡ አለ። ይኸውም፦ ፈተናው በእርግጥ የሚለካው ምንድን ነው? ተፈታኙ ከፈታኙ አርቆ ቢያይስ ፍርዱን የሚሰጠው ማን ነው? (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። «እርምጃ» የአንዱን ወገን አንድ እንቅስቃሴ፣ «ዙር» ደግሞ የነጩንና የጥቁሩን እርምጃ በአንድነት ያመለክታል።)

ጠጠር ቆጣሪው

በ1950 አሜሪካዊው የሒሳብና የምሕንድስና ሊቅ ክሎድ ሻነን፣ ኮምፒዩተር ቼዝ የሚጫወትበት ፕሮግራም እንዴት ሊዘጋጅ እንደሚችል የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ። በዚህም ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ጠጠር ዋጋ መደበ፤ ለንግሥት 9፣ ለግንብ 5፣ በሰያፍ ለሚሄደው ጳጳስና ለፈረስ ለእያንዳንዳቸው 3፣ ለወታደር 1። የወታደሮችን አቀማመጥና የጠጠሮችን የመንቀሳቀስ ነፃነት የሚመለከት አነስተኛ ሒሳብም ጨመረበት። ፕሮግራሙ ወደፊት ሊመጡ የሚችሉትን አሰላለፎች እያየ፣ ድምሩ ለራሱ ወገን የሚበልጥበትን እርምጃ ይመርጣል ማለት ነው።

ችግሩ የእርምጃዎቹ ብዛት ነው። በአንድ አሰላለፍ ላይ በአማካይ 30 ያህል የተፈቀዱ እርምጃዎች አሉ። እንግዲህ ነጩም ጥቁሩም አንዳንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ 1,000 ያህል ልዩ ልዩ መንገዶች ይከፈታሉ፤ 40 ዙር የሚፈጅ ጨዋታ ቢታሰብ፣ በሻነን ስሌት መሠረት የመንገዶቹ ቁጥር ከ1 ቀጥሎ 120 ዜሮ የሚጻፍበት ይሆናል። እስከ መጨረሻው ማየት የማይቻል በመሆኑ ሻነን ሁለት ዘዴዎችን አመለከተ። አንደኛው ሁሉንም እርምጃዎች እስከ ተወሰነ ጥልቀት ድረስ መመርመር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰው እንደሚያደርገው የማይረቡ የሚመስሉትን ገና ከመጀመሪያው አስወግዶ ጥቂቶቹን ብቻ በጥልቀት መከተል ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ያዘጋጃቸውን የጨዋታ ሕጎች በእጁ በወረቀት ላይ እያሰላ ከአሊክ ግሌኒ ጋር ተጋጠመ። የወረቀቱ «መኪና» በ29ኛው ዙር ተሸነፈ። ሆኖም ቱሪንግ አንድ ትልቅ ነገር አስተውሎ ነበር። ጠጠሮች እየተበላሉ ሳለ በመካከል ቆሞ መቁጠር ያሳስታል፤ ስለሆነም መበላላቱ እስኪያበቃና ሰሌዳው እስኪረጋ ድረስ መከተል ያስፈልጋል። ይህ ሕግ ንግሥት በንግሥት፣ ፈረስ በፈረስ ሲለዋወጥ በሚገባ ያገለግላል። መሥዋዕት በሚሆንበት ጊዜ ግን አይበቃም። ፈረስ ተሰጥቶ፣ ሰሌዳው ረግቶ፣ ቆጠራውም «3 ጎድሏል» ካለ በኋላ ነው የመሥዋዕቱ ፍሬ ቀስ ብሎ የሚመጣው።

በ1957 ገደማ አሌክስ በርንስታይንና ባልደረቦቹ በአይ.ቢ.ኤም. 704 ኮምፒዩተር ላይ ሙሉ ጨዋታ የሚጫወት ፕሮግራም አዘጋጁ። የተከተሉትም የሻነንን ሁለተኛ ዘዴ ነበር። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ደረጃ 7 እርምጃዎችን ብቻ መርጦ እስከ 4 እርምጃ ድረስ ወደፊት ይመለከት ነበር፤ ይህም 2,401 መንገዶችን መመርመር ማለት ሲሆን፣ ለአንድ እርምጃ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። የዚህ ዘዴ ድካም በመሥዋዕት ፊት ወዲያውኑ ይጋለጣል። ንግሥትን በጠላት አፍ ውስጥ ማስቀመጥ ሲታይ ሞኝነት ስለሚመስል፣ ከሰባቱ ምርጦች መካከል አይገባም። ያልተመረጠ እርምጃ ደግሞ አይታሰብም፤ ያልታሰበውም ምን ቢያምር አይጫወትም።

ከአድማስ ወዲያ ያለው

በ1973 ሐንስ በርሊነር የችግሩን ሌላ ገጽታ ስም ሰጥቶ አብራራ። በርሊነር ቀደም ሲል የዓለም የደብዳቤ ቼዝ ሻምፒዮን የነበረ፣ በኋላም የኮምፒዩተር ሳይንስ ተመራማሪ የሆነ ሰው ነው። ኮምፒዩተሩ እስከ ተወሰነ እርምጃ ድረስ ብቻ የሚያይ በመሆኑ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእርሱ የለም፤ መርከበኛ ከአድማስ ወዲያ ያለውን ደሴት እንደማያይ ሁሉ። በርሊነር ይህን «የአድማስ ውጤት» አለው።

የአድማሱ ጉዳት በሁለት በኩል ነው። በመጀመሪያ፣ ፍሬው ከአድማስ ወዲያ የሆነ እውነተኛ መሥዋዕት እንደ ኪሳራ ይቈጠራል። ሁለተኛው ጉዳት ግን የበለጠ የሚያስገርም ነው። ፕሮግራሙ ንግሥቱ በቅርብ እንደምትወሰድበት ባየ ጊዜ፣ ባላጋራው መልስ መስጠት ግድ የሚሆንበትን አንድ ወታደር ይሰጣል፤ በዚህም የንግሥቲቱ መወሰድ በሁለት እርምጃ ይዘገይና ከአድማሱ ወዲያ ይሰወራል። ፕሮግራሙም አደጋው የተወገደ መስሎት ይደሰታል። ቀጥሎ ሌላ ወታደር፣ ከዚያም ፈረስ ይጨምራል። በመጨረሻ ንግሥቲቱም ትሄዳለች፤ የተሰጡትም አይመለሱም። እንግዲህ ያው አንዱ ጉድለት ፕሮግራሙን ከእውነተኛው መሥዋዕት ሲያርቀው፣ ወደ ሐሰተኛው ደግሞ ይገፋፋው ነበር።

መፍትሔ የመሰለው መንገድ ሻነን በመጀመሪያ የጠቀሰው ነበር። በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ስሌትና ላሪ አትኪን በ1973 የምርጫውን ዘዴ ትተው፣ የተፈቀዱትን እርምጃዎች ሁሉ የሚመረምር ፕሮግራም ጻፉ። ይህ ሊሆን የቻለው «አልፋ ቤታ» በሚባለው የስሌት ዘዴ ምክንያት ነው። ዘዴው አንድ እርምጃ ከሌላው የባሰ መሆኑ አንዴ ከተረጋገጠ፣ ምን ያህል እንደሚብስ ለማወቅ ተጨማሪ ድካም አያወጣም፤ እርምጃዎቹ በጥሩ ቅደም ተከተል ከተመረመሩም በተመሳሳይ ድካም ወደ እጥፍ ጥልቀት ለመድረስ ያስችላል። ሁሉንም የሚመረምር ፕሮግራም በመልኩ ሞኝ የሚመስለውን እርምጃ አይንቅም። ስለዚህ ፍሬው በአድማሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ንግሥትን መስጠት ለእርሱ ወታደርን ከመግፋት የተለየ ድፍረት አይጠይቀውም።

የቶሮንቶው ግንብ

የዚህ ዘዴ ኀይል በግልጽ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ በ1977 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በተደረገው ሁለተኛው የዓለም የኮምፒዩተር ቼዝ ሻምፒዮና ላይ ነው። በ1974 በስቶክሆልም የተካሄደውን የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያሸነፈው ከሞስኮ የመጣው ካይሳ የተባለው ፕሮግራም ነበር። በቶሮንቶ ካይሳ በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ከተዘጋጀው ዳቸስ ጋር ተጋጠመ፤ ጥቁሩንም ያዘ።

በ34ኛው ዙር ዳቸስ በንግሥቱ ቼክ አለ። የካይሳ መልስ ለተመልካቹ ሁሉ ግልጽ ነበር፤ ንጉሡን አንድ ቤት ፈቀቅ ማድረግ። ካይሳ ግን ግንቡን አምጥቶ በንጉሡና በንግሥቲቱ መካከል ደነቀረው። ግንቡ ያለ ምንም ካሳ የሚወሰድ ነበር፤ ተወሰደም። በአዳራሹ ውስጥ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ሚኻኢል ቦትቪኒክን የመሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾች ተቀምጠው ነበር። ፍርዱም አንድ ሆነ፤ ፕሮግራሙ ተሳስቷል፣ ምናልባትም በአዘጋጆቹ ያልታወቀ ስሕተት በውስጡ አለ። ካይሳ ጨዋታውን ተሸነፈ።

ከጨዋታው በኋላ አሰላለፉ እንደገና ቀርቦለት ንጉሡ ፈቀቅ ቢል ምን ይከተል እንደነበር ፕሮግራሙ ተጠየቀ። መልሱ አዳራሹን የሚያስደነግጥ ነበር። ንጉሡ ፈቀቅ ቢል ኖሮ ነጩ ንግሥቱን ከጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ አስቀምጦ ይሠዋት ነበር። ንጉሡ ሳይወድ በግድ ይወስዳታል፤ ወዲያው ጳጳሱ በሰያፍ ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ወደ ኋላ ሲመለስ ግንቡ በመጨረሻው መስመር ላይ ይገባል። ጥቁሩ ንግሥቱንና ግንቡን በየተራ ጣልቃ እያስገባ ከማዘግየት በቀር የሚያደርገው የለውም፤ መጨረሻው ቼክሜት ነው። ካይሳ ይህን ሁሉ አይቶ፣ ወዲያው ከመሞት ግንብ አጥቶ መቆየትን መረጠ።

በዚያ አዳራሽ የተገኙት ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም፤ የዘመኑ ምርጥ ዐዋቂዎች ነበሩ። ስሕተታቸው መሥዋዕቱን አለማየታቸው ብቻ አልነበረም፤ ያላዩትን ነገር እንደሌለ መቁጠራቸውም ነበር። ይህ ደግሞ ራሱ በርሊነር በኮምፒዩተሩ ላይ ያገኘው የአድማስ ውጤት ነው። በዚያ ቀን አድማሱ በፈታኞቹ ፊት ቆሞ ነበር።

ጥያቄዎቹ ሲደራጁ

በአጋጣሚ የሚገኝ ጨዋታ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ሁለት ፕሮግራሞችን ለማነጻጸር ያው ጥያቄ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ውስጥ፣ ለሁለቱም መቅረብ አለበት። ለዚህ ተግባር ቀድሞ የተገኘው ለሰዎች ልምምድ ተብሎ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነበር። አሜሪካዊው የቼዝ ደራሲ ፍሬድ ራይንፌልድ ከእውነተኛ ጨዋታዎች የሰበሰባቸው 300 አሰላለፎች ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የተለመደ መመዘኛ ሆኑ። አብዛኞቹ በጥቂት እርምጃ የሚጠናቀቁ መሥዋዕቶችና ወጥመዶች ናቸው።

በ1982 ኢቫን ብራትኮና ዳኒ ኮፔክ በተለይ ሰውንና ኮምፒዩተርን ለማነጻጸር የታሰበ ፈተና አሳተሙ። ጥያቄዎቹ 24 ሲሆኑ፣ 12ቱ የጥቃትና የመሥዋዕት፣ የቀሩት 12 ደግሞ ወታደርን በትክክለኛው ጊዜ በመግፋት የጠላትን አሰላለፍ የማፍረስ ጥያቄዎች ነበሩ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ 2 ደቂቃ ተሰጠ። ተፈታኙ እስከ አራት ምርጫ ሊያቀርብ ይችላል፤ ትክክለኛው መልስ በመጀመሪያ ከተጠቀሰ ሙሉ ነጥብ፣ በሁለተኛ ከተጠቀሰ ግማሽ፣ እያለም እየቀነሰ ይሄዳል። የመጀመሪያው ጥያቄ የንግሥት መሥዋዕት ነው። ጥቁሩ ንግሥቱን ከነጩ ንጉሥ ጎን ያስቀምጣል፤ ንጉሡ ይወስዳታል፤ ጳጳሱ ከግንቡ ፊት ገለል ሲል ራሱም ግንቡም በአንድ ጊዜ ቼክ ይላሉ፤ ንጉሡ ወዴትም ቢሸሽ ግንቡ ወርዶ ይጨርሰዋል።

ከፈተናው የተገኘው ውጤት አስተማሪ ነበር። ፕሮግራሞቹ በመሥዋዕቱ ክፍል ጥሩ ነጥብ ሲያገኙ፣ ወታደርን በመግፋቱ ክፍል ግን ወደ ኋላ ቀሩ። አጭር መሥዋዕት፣ የሰውን ዐይን የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ለኮምፒዩተሩ ቀላል ሆነ፤ ፍሬው በአድማስ ውስጥ ነውና። ከባዱ ነገር ምንም ጠጠር የማይወሰድበት፣ ጥቅሙም ከብዙ ዙር በኋላ የሚገለጥ ጸጥ ያለ እርምጃ ነበር። ስለዚህ ፈታኞቹ «መሥዋዕት» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ይዞ እንደ ነበር ተረዱ፤ አንዱ ተቆጥሮ የሚደረስበት፣ ሌላው በእምነትና በዕቅድ የሚሰጥ።

የሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ ከካይሳ ዳኞች አንዱ በሆነው በቦትቪኒክ እጅ የተሠራ ነው። በ1938 በኔዘርላንድስ በተደረገው ታላቅ ውድድር ላይ ቦትቪኒክ ከሆሴ ራውል ካፓብላንካ ጋር ሲጫወት፣ በ30ኛው ዙር ጳጳሱን በነፃ ሰጠ። የጥቁሩ ንግሥት ወደ ፊት የሚገሰግሰውን የነጩን ወታደር አግታ ይዛ ነበር፤ ጳጳሱን ለመውሰድ ስትሄድ መንገዱ ተከፈተ። ቀጥሎ ፈረሱንም ሰጠ። ከዚያ በኋላ ለካፓብላንካ የቀረው ነገር ንጉሡን በተከታታይ ቼክ ማሳደድ ብቻ ሲሆን፣ የነጩ ንጉሥ በሰሌዳው ላይ እየተራመደ በ41ኛው ዙር ከማሳደዱ አመለጠ፤ ካፓብላንካም እጁን ሰጠ። ከመሥዋዕቱ እስከ ፍጻሜው 23 እርምጃ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረ ሁሉን የሚመረምር ፕሮግራም ከዚህ ጥልቀት አጠገብ አይደርስም ነበር።

ቦትቪኒክ በሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። ከውድድር ሲርቅም ይህን የሰው አስተሳሰብ ወደ ፕሮግራም ለመለወጥ ለረዥም ዓመታት ደከመ። ፓዮኒር የተባለው ሥራው ጥቂት፣ ግብ ያላቸውን መንገዶች ብቻ እንዲከተል የታቀደ ነበር። ሐሳቡ ማራኪ ነበር፤ ፓዮኒር ግን በፕሮግራሞች ውድድር ላይ ለመሰለፍ አልበቃም። ፍጥነትን የመረጡት ወገኖች ቀደሙ።

ፍጥነትና የፍጥነት ዋጋ

በቤል የምርምር ጣቢያ ኬን ቶምፕሰንና ባልደረባው ጆ ኮንደን ለቼዝ ብቻ የሚያገለግል ኮምፒዩተር ሠሩ፤ በሰከንድ 160,000 ያህል አሰላለፎችን ይመረምር ነበር። ቤል የተባለው ይህ መሣሪያ በ1980 በሊንዝ የዓለም የኮምፒዩተር ሻምፒዮን ሲሆን፣ በ1983 ደግሞ በአሜሪካ የማስተር ማዕርግ አገኘ። በዐሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ዲፕ ሶት የተባለው ተተኪ፣ ከፍጥነቱ ሌላ ለመሥዋዕት የሚስማማ አዲስ ሕግ ይዞ መጣ። በአንድ አሰላለፍ ላይ አንድ እርምጃ ብቻ ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ ተሽሎ ከተገኘ፣ ያንን መንገድ ከተለመደው ጥልቀት አልፎ ይከተለው ነበር። ረጅም መሥዋዕት አብዛኛውን ጊዜ ባላጋራውን አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው የሚያስገድድ ስለሆነ፣ ሕጉ አድማሱን በሚያስፈልገው አቅጣጫ ብቻ ገፋው። በ1988 ዲፕ ሶት በውድድር ላይ ግራንድ ማስተር ቤንት ላርሰንን አሸነፈ።

ፕሮግራሞቹ ሲበረቱ ፈታኞቹም ጥያቄውን አከበዱ። በ1990ዎቹ ፈረንሳዊው ፒየር ኖሎ ከታላላቅ ተጫዋቾች ጨዋታዎች 11 አሰላለፎችን መርጦ አቀረበ፤ በዘመኑ የነበሩትን ፕሮግራሞች ያስቸገሩ ናቸው። የመጀመሪያው በ1990 በሊዮን ከተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 20ኛው ጨዋታ የተወሰደ ነው። ጋሪ ካስፓሮቭ በ26ኛው ዙር ፈረሱን በአናቶሊ ካርፖቭ ንጉሥ ፊት ባለው ወታደር ላይ ሠዋ። ካርፖቭ ፈረሱን አልወሰደም፤ ይልቁንም ወታደሩን ገፍቶ የነጩን ጳጳስ አጠቃ። ካስፓሮቭ ጳጳሱን ትቶ ንግሥቱን ወደ ንጉሡ ጎን አዛወረ። በመካከል ደግሞ፣ ጥቃቱ በጋለበት ሰዓት፣ ንጉሡን አንድ ቤት ፈቀቅ የሚያደርግ ጸጥ ያለ እርምጃ አለ። በ41ኛው ዙር ካርፖቭ እጁን ሰጠ። ለኮምፒዩተሩ ጥያቄውን ያከበደው ይህ ጸጥታ ነው፤ ቼክና መበላላት ብቻ ቢሆን መንገዱ ጠባብ በሆነ ነበር።

በዚያው ዘመን ፕሮግራሞቹን ፈጣን ያደረገ አንድ ዘዴ በመሥዋዕት ፈተና ላይ የራሱን ዋጋ አስከፈለ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙ «ተራዬን ለባላጋራዬ ብለቅለት እንኳ የበላይነቴ ይቀራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከቀረ ያንን መንገድ በአጭሩ ቆርጦ ይተወዋል። በአብዛኛው ትክክል የሆነ ይህ ብልኀት ጸጥ ብሎ የሚሠራውን ጥቃት ለማየት ያዘገያል። በተለይም ጥቂት ጠጠሮች በቀሩበት ፍጻሜ፣ መንቀሳቀስ ራሱ ጉዳት የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ፈጽሞ ሊያሳስት ይችላል። በ1998 በስፔን በሊናሬስ አሌክሴይ ሺሮቭ ከቬሴሊን ቶፓሎቭ ጋር በገጠመበት ጨዋታ የሆነው የፍጻሜ መሥዋዕት ለዚህ ዘመን መለያ ሆነ። ሺሮቭ ሁለት ወታደር ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን የሁለቱ ጳጳሳት መሄጃ ቀለም የተለያየ በመሆኑ ጨዋታው ወደ አቻ ያዘነብላል። በ47ኛው ዙር ሺሮቭ ጳጳሱን ወታደር በሚወስደው ቤት ላይ አኖረ። ምክንያቱ ንጉሡ የሚያልፍበትን ቤት ለመልቀቅና አንድ ተራ ለማትረፍ ነው፤ ያቺ አንዲት ተራ ንጉሡን ወደ መካከሉ አድርሳ ወታደሮቹን አሳለፈችለት። በጊዜው የነበሩ ፕሮግራሞች ይህን እርምጃ ለማግኘት ተቸግረው ነበር።

ትክክለኛ መልስና ትክክለኛ ምክንያት

በ1997 ዲፕ ብሉ ካስፓሮቭን በኒው ዮርክ 3½ ለ2½ አሸነፈ። በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አሰላለፎችን የሚመረምረው ይህ ኮምፒዩተር፣ ግንቦት 11 ቀን በተደረገው ስድስተኛ ጨዋታ ገና በ8ኛው ዙር ፈረሱን በወታደር ላይ ሠዋ፤ ካስፓሮቭም በ19ኛው ዙር እጁን ሰጠ። ከውጭ ለሚመለከት ሰው ኮምፒዩተሩ የመሥዋዕትን ፈተና በታላቁ ሰሌዳ ላይ ያለፈበት ቀን ይመስላል። ነገር ግን ያንን እርምጃ ዲፕ ብሉ አላሰላውም፤ አዘጋጆቹ አስቀድመው በመክፈቻ መዝገቡ ውስጥ የጻፉለት ነበር። መልሱ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን የሰው ነበር።

ይህ የፈተናውን ሁሉ ድካም ያጋልጣል። የጥያቄዎቹ ስብስብ በታወቀ ቁጥር ፕሮግራም ጸሐፊው እያወቀም ሳያውቅም ፕሮግራሙን ለእነዚያ ጥያቄዎች ያስተካክለዋል፤ ጥያቄው አስቀድሞ ሾልኮ የወጣ ፈተና ደግሞ የተማሪውን ዕውቀት አይለካም። መሥዋዕት ብቻ የሞላበት ፈተናም ተፈታኙን «መልሱ ሁልጊዜ መስጠት ነው» ብሎ ያስተምራል፤ እንዲህ የተቃኘ ፕሮግራም በፈተናው ከፍተኛ ነጥብ አግኝቶ በጨዋታ ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ፈታኞች መልካም የሚመስል ግን የሚያጠፋ መሥዋዕት ያለባቸውን፣ ትክክለኛው መልስም «ይህን አትጫወት» የሆነባቸውን ጥያቄዎች መጨመር ጀመሩ። በመጨረሻም በኋላ የመጡት ብርቱ ፕሮግራሞች የድሮዎቹን ጥያቄዎች መልሰው ሲመረምሩ፣ አንዳንዶቹ ከአንድ በላይ መልስ ያላቸው፣ የአንዳንዶቹም መልስ የሚያጠራጥር ሆኖ ተገኘ። ተፈታኙ የፈተናውን ወረቀት አረመው።

ከ2017 ጀምሮ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አልፋዜሮ የተባለው ፕሮግራም ከጨዋታው ሕግ በቀር ምንም ሳይነገረው፣ ከራሱ ጋር በመጫወት ብቻ ተማረ። ለጠጠሮች የተመደበ ዋጋ አልነበረውም፤ አንድ አሰላለፍ ወደ ድል የሚያደርስበትን ዕድል ይገምታል እንጂ። በ2018 በታተመው ዘገባ መሠረት በሰከንድ 60,000 አሰላለፎችን ብቻ እየመረመረ፣ 60 ሚሊዮን ከሚመረምረው ከስቶክፊሽ ጋር 1,000 ጨዋታዎች አድርጎ 155 አሸነፈ፣ 6 ተሸነፈ፣ በቀሩት አቻ ወጣ። ከጨዋታዎቹ መካከል ተጫዋቾችን እጅግ ያስገረሙት ወታደርን ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጠጠርን ሰጥቶ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይቀበል የባላጋራውን ጠጠሮች አሥሮ የሚያቆይባቸው ናቸው። ሻነን በ1950 ከመሠረተው ቆጠራ ነፃ የሆነ ፕሮግራም መስጠትን እንደ ጉድለት አያየውም። ስቶክፊሽም በ2020 በትምህርት የሚሠራ ግምት በውስጡ አስገባ፤ ሁለቱ መንገዶች፣ ፍለጋውና ግምቱ፣ ተገናኙ።

ዛሬ በማንኛውም ስልክ ላይ የሚሠራ የቼዝ ፕሮግራም ከዓለም ሻምፒዮን ይበረታል። እንግዲህ የመሥዋዕት ፈተና አቅጣጫው ተገልብጧል ማለት ይቻላል። ቀድሞ ሰው ከታላላቅ ጨዋታዎች መሥዋዕት መርጦ ኮምፒዩተሩን ይመዝን ነበር፤ አሁን ኮምፒዩተሩ በአሮጌዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ እያለፈ የትኛው መሥዋዕት እውነተኛ፣ የትኛው ባላጋራው ስለ ደነገጠ ብቻ የተሳካ እንደ ነበር ይናገራል። የቦትቪኒክና የካስፓሮቭ መሥዋዕቶች ክብራቸውን እንደ ጠበቁ ሲኖሩ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተወደሱ ሌሎች ግን በዚህ ምርመራ ወድቀዋል።

ከዚህ ሁሉ ለመርማሪ ሙያ የሚተርፈው ትምህርት በቶሮንቶው አዳራሽ ውስጥ ይገኛል። በዚያን ቀን ካይሳን «ተሳስቷል» ያሉት ሊቃውንት በችሎታ ከፕሮግራሙ እጅግ የላቁ ነበሩ፤ ፍርዳቸው ግን ጥያቄ ሳይጠየቅ የተሰጠ ፍርድ ነበር። እውነቱ የታወቀው አንድ ሰው አሰላለፉን መልሶ ደርድሮ «ሌላውን ብትጫወት ምን ይሆን ነበር?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ነው። መልስን ከመልስ ጋር ብቻ የሚያመሳክር ፈተና፣ በመዝገብ የተጻፈለትን የሚደግመውን ከሚያስበው፣ የሚሳሳተውንም አርቆ ከሚያየው አይለይም። ምክንያቱን የሚጠይቅ ፈተና ግን ተፈታኙንም ፈታኙንም ይመዝናል። በሰኔ ዘር ሲበትን የታየውን ገበሬ አባካኝ ከማለት በፊት ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ይገባል።